የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናን በማስነሻ ፍላሽ ዲስክ እንደገና ስለመጫን

በተለምዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ሥርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን አካላትና በላዩ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። በተለምዶ «ፎርማት ማድረግ» የሚባለው ሥራ ነባሩን ሥርዓተ ክወና አጥፍቶ አዲስ መጫን ነው። ሥራው ያለ ዝግጅት ከተፈጸመ በዓመታት የተጠራቀመ ሰነድና ፎቶግራፍ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ከጭነቱ በፊት የሚደረገው ጥንቃቄ ከጭነቱ ይበልጣል። ከዚህ በታች ዊንዶውስ 11 በምሳሌነት ቀርቧል።

እንደገና መጫን የሚያስፈልግበት ሁኔታ

• ኮምፒውተሩ መነሣት ሲያቅተው፤
• በጸረ ቫይረስ ሊጸዳ ያልቻለ ቫይረስ ሲኖር፤
• ኮምፒውተሩ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፤
• ነባሩ ሥርዓተ ክወና ድጋፍ ሲቋረጥበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል።

ኮምፒውተሩ የሚነሣ ከሆነ፣ የግል ፋይሎችን ሳያጠፋ ዊንዶውስን የሚያድሰውን ምርጫ ከቅንብሮች ውስጥ አስቀድሞ መሞከር ይቻላል። ችግሩ የሃርድ ዲስክ ብልሽት ከሆነ ግን ዳግም መጫን መፍትሔ አይሆንም።

አስቀድሞ መሟላት ያለባቸው

1. ሰነዶች፣ ፎቶግራፎችና ሌሎች ፋይሎች ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው። ከተገለበጡ በኋላም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍተው መታየት ይኖርባቸዋል። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጡ ፋይሎች ብዙውን ጊዜ ስለሚረሱ በተለይ ሊታሰቡ ይገባል።
2. ኮምፒውተሩ ካልተነሣ፣ እንደ ኡቡንቱ ያለውን ሥርዓተ ክወና ሳይጭኑ ከፍላሽ በማስነሣት ፋይሎችን ማውጣት ይቻላል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ያስፈልጋል።
3. ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት አካል ይፈልጋል።
4. ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከኃይል ጋር መገናኘት አለበት። ባትሪ ለሌለው ኮምፒውተር ዩፒኤስ መጠቀም በመብራት መቋረጥ ሳቢያ ጭነቱ በመካከል እንዳይቆም ይረዳል።

የማስነሻ ፍላሽ አዘገጃጀት

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ዲስክ ያስፈልጋል። በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶውን መጠቀም ይመረጣል። የማስነሻ ፍላሽ ማዘጋጃው ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ከተከፈተ በኋላ አስፈላጊውን ፋይል አውርዶ በፍላሹ ላይ ይጽፋል።

የአጫጫን ቅደም ተከተል

1. ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ፍላሹ ይሰካል።
2. ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ የማስነሻ ምርጫ ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል። ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በብዙ የዴልና የሌኖቮ ኮምፒውተሮች ኤፍ12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ9 ነው።
3. ከዝርዝሩ ፍላሹ ይመረጣል፤ ቀጥሎ ቋንቋና የኪቦርድ ዓይነት ይወሰናል።
4. የምርት ቁልፍ ሲጠየቅ፣ ቀደም ሲል በሕጋዊ ፈቃድ ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር ቁልፉን ሳያስገባ ማለፍ ይችላል። የሚመረጠው የዊንዶውስ ዓይነት ግን ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለበት።
5. የዲስክ ክፍልፋዮች ዝርዝር ሲቀርብ መጠናቸውን ማመሳከር ያስፈልጋል። የተሳሳተ ክፍልፋይ ማጥፋት መረጃን ያሳጣል።
6. ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ ሂደቱ ከመጀመሪያው ከጀመረ ፍላሹ ይነቀላል።

ከጭነቱ በኋላ

የቀንና የሰዓት ትክክለኛነት ይረጋገጣል፤ ሰዓቱ ከተዛባ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም። ከዚያም ማሻሻያዎች ይጫናሉ፤ የአማርኛ ኪቦርድ ከቋንቋ ቅንብር ይጨመራል፤ በመጨረሻም የተቀመጡት ፋይሎች ይመለሳሉ።

ማሳሰቢያ

ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጥ ተገልጋይ የትኞቹ ፋይሎች መቀመጥ እንዳለባቸው አስቀድሞ ማሳወቅና የሚጫነው ቅጂ ከየት እንደተገኘ መጠየቅ ይገባዋል። «ክራክ» በሚባሉ ፕሮግራሞች የተከፈቱ ቅጂዎች የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሶፍትዌር ሊይዙ ይችላሉ። ፋይል በስሕተት ከጠፋ በኮምፒውተሩ መሥራት ወዲያውኑ ማቆም ይገባል፤ በዲስኩ ላይ አዲስ ነገር በተጻፈ ቁጥር የጠፋውን የማግኘት ዕድል ይቀንሳል።