30 ዶላር ያስከፈለው ግስ

“ኢንግሮስ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። መጽሐፍ ሲያነብ ስሙን ቢጠሩት እንኳ የማይሰማ ሰው “ኢንግሮስድ” ሆኗል ይባላል፤ ተመስጧል ለማለት ነው። ይኸው ግስ ግን ዛሬ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ትርጉም አለው። የአንድን ሕጋዊ ሰነድ የመጨረሻ ቅጂ በትልልቅና ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈት መገልበጥ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ በጣም የሚቀርበው የቁም ጸሐፊ ሥራ ነው።

መመሰጥና መገልበጥ ምን አገናኛቸው? የሁለቱም ሥር “ትልቅ” ወይም “ወፍራም” የሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው። አንዱ ትርጉም የመጣው “በጅምላ” ከሚለው አነጋገር ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ እህል በጅምላ ገዝቶ፣ ደብቆ፣ ዋጋ ሲወደድ የሚሸጥ ነጋዴ በዚህ ግስ ይከሰስ ነበር። ገበያውን ሁሉ መጠቅለል ውሎ አድሮ ሐሳብን ሁሉ መጠቅለል ሆነ። ሌላው ትርጉም ደግሞ “በትልቅ ፊደል” ከሚለው የመጣ ነው።

የጽሕፈቱን ሥራ ክብደት ለማየት ወደ ፊላደልፊያ እንሂድ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1787፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ጉባኤ ጽሑፉን አጽድቆ በብራና እንዲገለበጥ አዘዘ። ፊርማው ሰኞ ነው! ሥራው የተሰጠው በፔንስልቬንያ ምክር ቤት ረዳት ጸሐፊ ለነበረው ለጃኮብ ሻለስ ነበር። በላባ ብዕር ከ4,000 የሚበልጡ ቃላትን በ4 ትልልቅ ብራናዎች ላይ ጻፈ። የተከፈለው 30 ዶላር ነው።

ታዲያ በዚህ ጥድፊያ ስህተት አይጠፋም። የተዘለሉ ቃላት በመስመሮች መካከል ገቡ፤ አንድ ቦታ ላይም የተጻፈው ተፍቆ በላዩ ሌላ ተጻፈ። እንዴ፣ ይሄ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ችግሩ ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። በመስመር መካከል የተሰካ ቃል ከፊርማው በፊት ይሁን በኋላ የገባ በምን ይታወቃል? አንድ ቃል ደግሞ የሕግን ትርጉም ይለውጣል።

ስለዚህ ከፊርማዎቹ አጠገብ አንዲት አጭር አንቀጽ ተጻፈች። የትኛው ቃል፣ በየትኛው ገጽ፣ በስንተኛው መስመር እንደገባ ወይም እንደተፋቀ ትዘረዝራለች። የጉባኤው ጸሐፊ ዊልያም ጃክሰንም ይህንኑ በፊርማው አረጋገጠ። ምህንድስና የተማረ ሰው ይህቺን አንቀጽ ሲያይ ወዲያው ያውቃታል፤ በንድፍ ወረቀት ጥግ ላይ ያለችውን የማሻሻያ ሰንጠረዥ ነው የምትመስለው። ምን እንደተቀየረ ካልተመዘገበ ግንበኛው የትኛውን ንድፍ አምኖ ይገንባ?

ግሱ ዛሬም አልሞተም። በአሜሪካ ኮንግረስ አንዱ ምክር ቤት ያሳለፈው ረቂቅ ሕግ ይፋዊ ቅጂ አሁንም “ኢንግሮስድ” ይባላል፣ ምንም እንኳ ላባውን ማተሚያ ቢተካውም። ኢንግሮስ የሚያደርግ ሰው የራሱን ሐሳብ አይጽፍም፤ ሌሎች የተስማሙበትን ማንም እንዳይነካው አድርጎ ያስቀምጣል። ለዚህ ደግሞ የሰነዱን ስህተት ከመደበቅ ይልቅ መስመሩን ቆጥሮ መናገር የበለጠ ይጠቅማል።