ሳንጃ በመዝገቡ ላይ

የአማርኛ ጽሕፈት ወደ ኮምፒውተር በገባባቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በራሱ ቅደም ተከተል፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያሰፍር ነበር። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ምልክት ብቻ ስለሚይዝ አንዳንዱ ገበታውን ለሁለት ከፈለው። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅ ይሆን ነበር።

መላ የተገኘለት በ1998 ነው። በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ፊደላችንን በ10646 ደረጃው 10ኛ ማሻሻያ መዘገበ፤ በ1999 የወጣው የዩኒኮድ መዝገብ 3.0 እትምም 345 የፊደላችንን ምልክቶች ያዘ። ከዚያ ወዲህ «ሳንጃ» የትም ቢጻፍ ያው ሳንጃ ነው፤ ቁጥሩ «ሳ» 1233፣ «ን» 1295፣ «ጃ» 1303።

መዝገቡ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስምም ይሰጣል፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው የላቲን አጻጻፍ «ተ»ን በትንሹ ቲ፣ «ጠ»ን በትልቁ ቲ ይለይ ነበር። የመዝገቡ ደንብ ግን በስም ውስጥ ትልልቅ የላቲን ፊደላትን ብቻ ስለሚፈቅድ ይህ መንገድ ተዘጋ። ስለዚህ ለ«ጠ» ቲ እና ኤች፣ ለ«ሠ» ኤስ እና ዜድ፣ ለ«ኀ» ኤክስ ተሰጠ። «አ» እና «ዐ» ደግሞ የሚለዩት ድምፁ ከጉሮሮ በሚወጣበት ስፍራ በተሰየሙ ሁለት የሥነ ድምፅ ቃላት ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በስም የመለየትን ጥያቄ ከመለሰ ቆይቷል፦ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ለሥነ ድምፅ ቃል ቦታ ያገኘ መዝገብ ለ«ንጉሡ»ም ቦታ አያጣም ነበር። ይህ ዕድል ማለፉ ያስቆጫል።

በዚያው ሰሞን ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሰዎችም ከተመሳሳይ የስም ጣጣ ጋር ይታገሉ ነበር። አንዱ የአፓቼ ሰርቨር ማስነሻ ፋይል ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ዝርያ «አፓቼ2»፣ ሬድ ሃት በተባለው «ኤችቲቲፒዲ» ይባላል። በ2001 የወጣው የሊኑክስ የጋራ ደረጃ ለማስነሻ ፋይሎች የስም ደንብ አወጣ፤ ነገር ግን ከ2010 ወዲህ የመጣው ሲስተምዲ የተባለ የማስነሻ ሥርዓት ፋይሎቹን ራሳቸውን ተካቸው፤ ሁለቱ ስሞችም እስከ ዛሬ እንደተለያዩ ናቸው።

የፊደላችን ስሞች ግን አይነኩም፤ ዩኒኮድ አንዴ የተመዘገበ ስም ላይለወጥ ቃል ገብቷል። በ2021 የተጨመሩት 28 የጉራጊኛ ምልክቶችም የተሰየሙት በዚያው ደንብ ነው። እንግዲህ የኮምፒውተር መማሪያና የፎንት መግለጫ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከቁጥሩ አጠገብ የአብነቱን ስም ጻፉልን።