አንድ ብር፣ ሁለት አገር

ሰኔ 24 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሰላምና የዴሞክራሲ ጉባኤ ሲከፈት፣ ደርግ ከወደቀ ገና አንድ ወር ቢያልፍ ነው። ከተጋባዦቹ ድርጅቶች አንዱ የባሌው ዋቆ ጉቱ የሚመሩት የተባበሩት የኦሮሞ ሕዝቦች ነጻነት ግንባር ነበር። በጉባኤው ከተደለደሉት 87 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አንዷ ለዚህ ድርጅት ደረሰች። በዚያው አዳራሽ የኤርትራ ሕዝብ ነጻነት ግንባር፣ በተለምዶ ሻዕቢያ የሚባለው፣ መሪ አቶ ኢሳያስ አፈወርቂ በታዛቢነት ተቀምጠዋል። ባሌ ወደ አዲሱ ማዕድ ቀርቦ ድርሻውን ሲጠይቅ፣ ኤርትራ ተነሥታ እየወጣች ነበር።

ባሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር መጣላትንም መታረቅንም ቀድሞ አይቶታል። በ1945 የተጀመረው የኤርትራ ፌዴሬሽን ኅዳር 5 ቀን 1955 ሲፈርስ፣ ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ከሆነ ጥቂት ዓመት ያስቆጠረው ባሌም በዚያው ዓመት ገደማ አመፀ። መነሻው የመሬት መነጠቅ፣ የግብር ክብደትና የአስተዳደር በደል ነው። ከሶማሊያ የሚገባው መሣሪያ እሳቱን አባባሰው። በየወረዳው ያለው የገጠር ክፍል ከጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከጎባ ቁጥጥር ውጭ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

ነገሩ የተቋጨው በመጋቢት 1962 ነው። ጦሩ ከቧቸው የነበሩት ዋቆ ጉቱ፣ በአርበኝነታቸው ከታወቁት ከጄኔራል ጃገማ ኬሎ ጋር ተነጋግረው እጃቸውን ሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት አደረጉላቸው፤ የፊታውራሪነት ማዕረግና አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተሰጣቸው። ሰውየው ታረቁ፤ ያመፁበት ጉዳይ ግን በዕርቁ ውስጥ አልነበረም። የባሌ ገበሬ የመሬት ጥያቄውን መልስ ያገኘው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ነው። ዋቆም ከአብዮቱ በኋላ ተመልሰው ጫካ ገቡ።

ኤርትራ ስትለይ የተደረገው ድርድር ከዚህ በብዙ የተለየ ይመስላል። ባሌ ላይ የተነጋገሩት ንጉሥና ዐማፂ ናቸው፤ እዚህ ግን በአንድ ጠላት ላይ አብረው የተዋጉ ሁለት ድርጅቶች። ሻዕቢያ ግንቦት 16 አስመራ፣ ኢሕአዴግ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ገቡ። የሰኔው ጉባኤ ኤርትራውያን በሕዝበ ውሳኔ ዕጣቸውን እንዲወስኑ ተቀበለ፤ ሻዕቢያም ድምፅ መስጠቱን ለሁለት ዓመት ለማቆየት ተስማማ።

ድምፁ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ተሰጠ። ነጻነትን የመረጠው 99.8 ከመቶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚኖሩት ብቻ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጥተዋል። ግንቦት 16 ነጻነቱ ታወጀ፤ በዚያው ሳምንት አዲሲቱ አገር የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። አንድ አገር የነበሩ ሁለት ወገኖች በድምፅና በስምምነት መለያየታቸው በዚያ ዘመን በአፍሪካ ያልተለመደ ነበርና፣ የውጭ ዲፕሎማቶች አደነቁት።

አስቸጋሪው ክፍል ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የወጣው ወገን ከቀረው ጋር እንዴት ይኖራል? በሐምሌ 1985 ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ተፈራረሙ፤ የሚከታተለውም የጋራ የሚኒስትሮች ኮሚሽን ተቋቋመ። አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ዕቃ ያለ ቀረጥ ክፍት ሆኑ፤ የወደብ አገልግሎቱም በብር ይከፈል ነበር። ሰውም ዕቃም ያለ ብዙ ጣጣ ይመላለሳል። ከሁሉ በላይ፣ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ እስክታወጣ በኢትዮጵያ ብር መገበያየቷን ቀጠለች።

ይህ ምን ማለት እንደነበረ ገበያ ላይ ቢታይ ይቀላል። ባሌ ውስጥ ያለው ሶፍ ዑመር ከሮቤ በስተምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የወይብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ሰርስሮ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው እዚህ ነው። ዋሻው ስሙን ያገኘው በውስጡ ተጠልለው ይጸልዩ ነበር ከሚባሉት ከሼክ ሶፍ ዑመር ነው፤ ዛሬም የሚዘየር ሥፍራ ነው። ከዋሻው አናት ባለው መንደር የደጋው እህልና የቆላው ከብት ይገናኛሉ። በ1986 አንድ ሰው እዚያ ፍየል ሸጦ የተቀበላት አሥር ብር፣ በፊቷ ስፌት የምትሰፋ ሴት፣ በጀርባዋ ትራክተር ያለባት፣ እጅ በእጅ ዞራ አስመራ ብትደርስ ያው አሥር ብር ነበረች። ባንዲራው ሌላ፣ ፕሬዚዳንቱ ሌላ፣ የተባበሩት መንግሥታት ወንበሩ ሌላ፤ ብሩ ግን አንድ።

በአሥር ብሯ ጀርባ ላይ ያለው ትራክተርም ከአሰብ ጋር የሚያገናኘው ነገር ነበረው። አገሪቱ የነበራት ብቸኛ የነዳጅ ማጣሪያ በንጉሡ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ አሰብ ላይ የተሠራው ነው። የባሌን የሲናና ሜዳ የሚያርሰው ትራክተርና ስንዴውን የሚያጭደው ኮምባይነር የሚጠጡት ናፍጣ ከባሕር የሚመጣ ነው፤ የባሕሩ በር ደግሞ አሁን በሌላ አገር እጅ ገባ። ሮቤ ላይ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ስለ ወደብ ስምምነት ሰምቶ ባያውቅም፣ የናፍጣው ዋጋ ያገባዋል።

አንድን ብር የሚጠቀሙ ሁለት አገሮች ግን ብር አሳታሚ ባንካቸው አንድ ነው። ብሩን የምታሳትመው፣ ወለዱንና የምንዛሪ ተመኑን የምትወስነው አዲስ አበባ ነበረች። አስመራ በዚህ ላይ ድምፅ አልነበራትም። ይህ ለጊዜው ተብሎ የተጀመረ ዝግጅት ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሲያበቃ በኤርትራ እጅ ያለው ብር ምን እንደሚሆን፣ ከዚያ በኋላ ንግዱ በምን እንደሚካሄድ ቀድሞ የተቆረጠ ነገር አልነበረም።

በዚያው በ1985 ሌላ አገርም ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ቼኮዝሎቫኪያ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1993 ቼክና ስሎቫኪያ ሆነች። እነርሱም በአንድ ገንዘብ ጀመሩ፤ ግን 40 ቀን እንኳ አልቆዩበትም። የካቲት 8 ቀን ገንዘባቸውን ለዩ፤ የሚለጠፈው ምልክት ተዘጋጅቶ ስለነበር በአሮጌው ኖት ላይ እየለጠፉ ሠሩበት። የፌዴሬሽኑን ንብረት በሕዝብ ብዛት ሁለት ለአንድ ተካፈሉ። ገንዘቡ ቢለያይም የጉምሩክ አንድነታቸው ሁለቱም የአውሮፓ ኅብረት አባል እስከሆኑበት እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ጸና። ብሪታንያም ከኅብረቱ ለመውጣት እ.ኤ.አ. በ2016 ድምፅ ሰጥታ፣ የወደፊቱን ንግድ የሚገዛው ውል የተቋጨው በታኅሣሥ 2020 ነው፤ ከ1,200 ገጽ በላይ ወጣው። ተደራዳሪዎቹ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ኮታ ሳይቀር እስከ መጨረሻው ሰዓት ተጨቃጭቀዋል።

አዲስ አበባና አስመራ እንዲህ አልተጨቃጨቁም። መሪዎቹ የትግል ጓዶች ነበሩና ብዙው ነገር በስልክና በመልእክተኛ ያልቅ ነበር። ሻዕቢያና ኢሕአዴግን የመሠረተው ሕወሓት ከ1977 እስከ 1980 ገደማ ተኮራርፈው እንደነበር ያስታወሰ ሰው ግን ጓድነት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ሊገምት ይችል ነበር። ድንበሩ በካርታ ላይ እንጂ በመሬት ላይ አልተከለለም። የዜግነቱም ነገር እንዲሁ ነው። ድምፅ የሰጡት ሃምሳ ሺዎች ኢትዮጵያዊ ናቸው ወይስ ኤርትራዊ? በ1988 ሁለቱ ወገኖች ሰዎቹ አንዱን መርጠው በምርጫቸው እንዲጸኑ በቃለ ጉባኤ ተስማሙ፤ ምርጫው ግን ሳይካሄድ ቀረ።

የገንዘቡ ጥያቄ ቀድሞ ፈነዳ። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ሥራ ባቆመ በወራት ውስጥ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1990 ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። አስመራ ናቅፋና ብር በእኩል ዋጋ በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ፈለገች። አዲስ አበባ አልተቀበለችም። ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሪና በባንክ መተማመኛ ሰነድ (ኤል ሲ) ይካሄድ፣ ከዚያ በታች ያለው የድንበር ንግድ ብቻ እንዳለ ይቀጥል አለች። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያም የብር ኖቶቿን ቀየረች። ጎባም ይሁን ሮቤ፣ አሮጌውን ኖት የያዘ ሰው ወደ ባንክ ማለት ነበረበት፤ በኤርትራ እጅ የተከማቸው አሮጌ ብር ግን የሁለቱ መንግሥታት መነታረኪያ ሆነ።

ምክንያቱ ከሁለቱም በኩል ሲታይ ስሜት ይሰጣል። ኤርትራ ከወጪ ንግዷ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምትልከው ወደ ኢትዮጵያ ነበር፤ በዶላር ክፈሉ መባል ገበያዋን መዝጋት ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በሌላ አገር ማዕከላዊ ባንክ የሚታተምን ገንዘብ እንደ ራሷ ብር ብትቀበል፣ የምንዛሪ ተመኗን አሳልፋ እንደሰጠች ይቆጠር ነበር። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኝ፣ ሁለቱም የሚገዙለት አካል አልነበረም። የጋራ ኮሚሽኑ ይሰበሰባል፤ ካልተስማማ ግን ጉዳዩ ተመልሶ ሁለቱ መሪዎች ጋ ይሄዳል።

ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ድንበር ላይ ባለችው ባድመ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ፤ ግንቦት 4 ቀን ውጊያው ሰፋ። ጦርነቱ የተነሣው በገንዘብ ብቻ ነው ማለት ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። ሆኖም ድንበሩ፣ ዜግነቱ፣ ወደቡና ንግዱ ሁሉ ሳይቋጩ በአንድ ላይ ተከምረው ነበርና አንዱ ሲናድ ሌላውን ይዞ ወረደ። የኢትዮጵያ ዕቃ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። ሳይወሰን የቀረው የዜግነት ጥያቄ በአውቶቡስ ተፈታ፤ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያውያንም ከኤርትራ በአሥር ሺዎች እየተጫኑ ወጡ።

ካልተጻፈው ከፊሉ በስተኋላ በጠበቆች ተጻፈ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 በአልጀርስ የተፈረመው ስምምነት አንድ የድንበርና አንድ የካሳ ኮሚሽን አቆመ። የድንበሩ ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ውሳኔውን ሰጠ፤ ባድመ ለኤርትራ ሆነች፤ ውሳኔው ግን በመሬት ላይ ሳይተገበር ዓመታት አለፉ። የካሳው ኮሚሽን በሕዝበ ውሳኔው የተሳተፉት ሰዎች የሁለቱም አገር ዜግነት ነበራቸው ሲል ደመደመ። ነሐሴ 2001 ላይ ሒሳቡን ሲዘጋ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ፈረደ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ክርክር በኋላ ልዩነቱ ወደ አሥር ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሆነ።

በ2010 ዕርቅ ሲወርድ፣ ሐምሌ 2 ቀን በአስመራ የተፈረመው የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ከአንድ ገጽ ብዙ አይዘልም። ስልኩ ተቀጠለ፤ አውሮፕላኑ በዚያው ወር በረረ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 በዛላምበሳና በቡሬ መንገዱ ተከፈተ። ከመቀሌ ጤፍና ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ወደ አስመራ ወጡ። ናቅፋ በብር በስንት እንደሚመነዘር፣ ቀረጥ ማን እንደሚሰበስብ፣ አሰብን ኢትዮጵያ በምን ሒሳብ እንደምትጠቀም ግን በይፋ የወጣ ውል አልነበረም። ነጋዴው ምንዛሪውን በየድንበሩ ራሱ ተመነ። ከወራት በኋላ መሻገሪያዎቹ በይፋ ምክንያት ሳይሰጥባቸው ተራ በተራ ተዘጉ።

ኤርትራ ከአካባቢው ማኅበር ከኢጋድ ጋር ያላት ግንኙነትም በዚያው መንገድ ሄዷል። በ1999 ከኢጋድ ራሷን አገለለች፤ በ2015 ተመለሰች፤ በታኅሣሥ 2018 ደግሞ መውጣቷን አስታወቀች። አዲስ አበባ በበኩሏ የባሕር በር ጥያቄን አደባባይ አውጥታዋለች። ሮቤ የሚደርሰው ናፍጣ ዛሬ ከጅቡቲ ይጫናል፤ በ1985 ለሁለቱ መንግሥታት ጠረጴዛ ላይ የነበሩት የወደብ፣ የንግድና የገንዘብ ጥያቄዎች ደግሞ አንዳቸውም እስካሁን ሁለቱ የሚገዙበት የተጻፈ መልስ አላገኙም።