የማንጎ ጥላና የዛና አበባ፤ በአሶሳ የጌጥ ዛፍ አመራረጥ ታሪክ

ስለ ከተሞች አመሠራረት በሚጻፍበት ጊዜ የገዥው ግቢ፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ ቀጥሎም መንገዱና ማዘጋጃ ቤቱ በየተራቸው ይወሳሉ፤ ዛፉ ግን ዘወትር ይዘነጋል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አሶሳን በዚህ ዓይነት አጻጻፍ ለማስተዋወቅ የሚሞክር ሰው ግን ዋናውን ነገር ይስታል። እንግዳ ወደ ከተማይቱ ሲገባ ቀድሞ ዓይኑን የሚይዘው ሕንፃ አይደለም፤ ከየአጥሩ በላይ ተንሰራፍቶ የቆርቆሮውን ጣሪያ የሚሸፍነው ጥቁር አረንጓዴ የማንጎ ቅጠል ነው። እንግዳ የሚቀመጠው፣ ቡና የሚፈላው፣ ሽማግሌ የሚሸመግለው፣ ተማሪ የሚያጠናው ከዚያው ዛፍ ሥር ነው።

የሙያው መጻሕፍት የጌጥ ዛፍን በአንድ ምዕራፍ፣ የፍራፍሬ ዛፍን በሌላ ምዕራፍ ያስቀምጣሉ። የአሶሳ ባለግቢ ይህን ድንበር ተቀብሎት አያውቅም። ማንጎን ለፍሬው ብቻ የሚተክል ገበሬ የተዳቀለ ችግኝ ይመርጣል፤ ዛፉ እንዳይረዝም ይገርዘዋል፤ አንዱን ከሌላው አራርቆ በመስመር ያቆመዋል። በአሶሳ ግቢዎች የሚታየው ማንጎ ግን አብዛኛው ከዘር የበቀለ፣ መገረዝን የማያውቅ፣ ፍሬውን ለመልቀም በረጅም ዘንግ ወይም በድንጋይ ካልሆነ የማይደረስበት ታላቅ ዛፍ ነው። እንዲህ ያለውን ዛፍ ከቤቱ ፊት ለፊት ያቆመ ሰው ያሰበው አስቀድሞ ስለ ጥላው፣ ቀጥሎ ስለ ግርማው፣ በመጨረሻም ስለ ፍሬው መሆኑ ከአተካከሉ ይታወቃል። ስለዚህ የአሶሳ ማንጎ ታሪክ በሀገራችን የጌጥ ዛፍ ታሪክ ውስጥ ቦታ ሊነፈገው አይገባም።

ማንጎ የሀገር ተወላጅ አይደለም። ጥንተ መገኛው ደቡብ እስያ፣ በተለይም የሕንድና የበርማ አካባቢ ነው። ወደ ቤኒሻንጉል የገባበትን በር ለመገመት ግን የፍሬውን ባሕርይ ማስተዋል ይጠቅማል። የማንጎ ዘር እንደ ጤፍ ወይም እንደ ማሽላ በጎተራ የሚከርም አይደለም። ከሥጋው ከተላቀቀ በኋላ ከጥቂት ሳምንታት የበለጠ ዕድሜ የለውም፤ ከደረቀ ሞተ ማለት ነው። ከሐረር ወይም ከድሬዳዋ ቆላ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል፣ በበቅሎ ጉዞ፣ ወለጋን አቋርጦ አሶሳ የሚደርስ ዘር በመንገድ በጠፋ ነበር። በአንጻሩ ከአሶሳ እስከ ድንበሩ ከተማ እስከ ኩርሙክ ያለው ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነጋዴ በአህያ በጥቂት ቀናት ይወጣዋል። ከኩርሙክ ባሻገር ደግሞ በአባይ ዳር እስከ ሴናር የሚዘልቀው የሱዳን ምድር ለማንጎ ምቹ ነው።

የሀገሩም ታሪክ ወደዚያው ያመለክታል። የበርታ ሕዝብ የሚኖርባቸው የቤላ ሻንጉል፣ የአቆልዲና የሆሞሻ ግዛቶች ለረጅም ዘመን ፊታቸው ወደ ምዕራብ ነበር። ግብፆች ሱዳንን ከያዙ በኋላ ወርቅ ፍለጋ እስከ ፋዞግሊ ዘልቀዋል፤ መሐዲስቶችም ተከትለዋቸዋል። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ዘመቻ ግዛቶቹን ለአፄ ምኒልክ አስገበረ፤ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ደግሞ ድንበሩን ወሰነ። ይሁንና በወረቀት ላይ የተሰመረው ድንበር የገበያውን መንገድ አልዘጋውም። ወርቁም፣ ጨውም፣ ጨርቁም ሲመላለስ የነበረው በዚያው ነው። አንድ ነጋዴ ጥሞት የበላውን ፍሬ አስኳል በከረጢቱ ይዞ ቤቱ ቢደርስና በጓሮው ቢቀብረው፣ የከተማይቱ የጥላ ታሪክ ለመጀመር ሌላ ምንም አያስፈልገውም ነበር።

ይሁን እንጂ የዘሩ መምጣት ብቻውን ምርጫውን አያስረዳም። በአሶሳ ዙሪያ ያለው ምድር ዛፍ አጥቶ አያውቅም። አባሎና ወይባ የሞሉበት ሰፊ የቆላ ደን አለው፤ የሀገሪቱ የቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ሽመል፣ አብዛኛው የሚበቅለውም በዚህ ክልል ነው። ታዲያ ሰው በገዛ ደኑ መካከል ተቀምጦ ስለምን የባዕድ ዛፍ ተከለ? መልሱ ያለው በወራቱ ውስጥ ነው። የአሶሳ ዝናብ በአመዛኙ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ከኅዳር በኋላ ምድሩ ይደርቃል፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል። የቆላው ደን ዛፎች ደግሞ ውሃ ለመቆጠብ ቅጠላቸውን የሚያራግፉት ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ሣሩም ደርቆ በየዓመቱ እሳት ይነሣበታል። ሰው ጥላ አጥብቆ በሚሻበት ወር የሀገሩ ዛፍ ራቁቱን ቆሞ ይገኛል። ማንጎ ግን ቅጠሉን አንድ ጊዜ አያራግፍም፤ አሮጌው ሳይረግፍ መዳብ የመሰለው ለጋ ቅጠል ይወጣል፤ በሙቀቱ መጨረሻም ፍሬው ይደርሳል። ማንጎ የተመረጠው ከባዕድ ስለመጣ ሳይሆን ሚያዝያን ስለሚያሳልፍ ነው።

ከዚህ አንጻር የመሐል አገሩ የዛፍ አመራረጥ በሌላ መንገድ የሄደ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ባጠራት ጊዜ፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ የባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጣላት፤ ከተማይቱንም ከመፈታት ያዳናት እርሱ ነው እስከ መባል ደረሰ። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ የደረሰባት ድሬዳዋ ደግሞ ከማዳጋስካር የመነጨውን፣ እሳት የመሰለ አበባ የሚያብበውን ዛፍ እንደ ራሷ አድርጋ ስለያዘችው፣ ሕዝቡ የድሬዳዋ ዛፍ ብሎ ጠራው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳም የአዲስ አበባን ጎዳናዎች በሐምራዊ አበባው አስጊጧል። ከዚያ ወዲህ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ መንገድ ሲወጣ ወይም መሥሪያ ቤት ሲሠራ እነዚሁ ዛፎች እንደ ደንብ ልብስ ተከታትለው ይመጣሉ። አሶሳና አዲስ አበባ ግንኙነት ያጡ ከተሞች አልነበሩም፤ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በጉለሌ መኖሪያ ነበራቸው፤ ሸጎሌ የተባለው ሠፈርም ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው ይባላል። ሆኖም የዋና ከተማይቱ የዛፍ ልማድ እስከ አሶሳ ግቢ ድረስ ዘልቆ ማንጎውን ሊተካው አልቻለም።

ሁለተኛው የተከላ ዘመን የመጣው በሠፈራ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት በርካታ የወሎ ቤተሰቦች ወደ አሶሳ አውራጃ ተጓዙ። የተሠሩላቸው መንደሮች አምባ፣ መገሌ፣ ሰልጋ እየተባሉና ቁጥር እየተሰጣቸው ተሰየሙ፤ ዛሬም ብዙዎቹ በቁጥራቸው ይጠራሉ። ሠፋሪው የመጣው ዛፍ ከተራቆተበት ደጋ ሲሆን፣ የተሰጠው ደግሞ ተመንጥሮ የሚታረስ ደን ነው። መጀመሪያ መመንጠር፣ ቀጥሎ ቤት መሥራት፣ ቀጥሎም ከቤቱ ፊት አንድ ዛፍ ማቆም የሁሉም ሥራ ሆነ። ከደጋ ባመጣው ልማድ የባሕር ዛፍ የሞከረ ሰው ግን የማያውቀው ጠላት ገጠመው። ይኸውም ምስጥ ነው። ከምዕራብ ወለጋ ጀምሮ እስከ አሶሳ ያለው ቀይ አፈር የኩይሳ ሀገር ነው። ምስጡ የባሕር ዛፍን ችግኝ ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ በተለይ በበጋ ውሃ የጠማውን ለይቶ የሚያውቅ ይመስላል። ሠፋሪ ከጎረቤቱ ከበርታው ገበሬ ቀስ በቀስ የተማረው በዚህ ምድር ችግኝን የሚያድነው ከመርዙ ይልቅ ውሃው መሆኑን ነው። ማንጎውንም ተቀበለ። ዛሬ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች የሚታየው የማንጎ ጥላ የሁለት ሕዝቦች ጉርብትና ያቆመው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1984 ዓ.ም. ክልሎች ሲዋቀሩ አሶሳ የክልል ርእሰ ከተማ ሆነች። መሥሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ ግቢያቸውም እንደ ሌሎች የክልል ከተሞች በግራቪሊያ፣ በጃካራንዳ፣ በድሬዳዋ ዛፍና በኒም ተተከለ። ከእነዚህ ውስጥ ኒም ብቻ የሚያዝያን ፈተና በደኅና ያልፋል፤ ቅጠሉን ቢለውጥም ፈጥኖ ያለብሳል፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። የድሬዳዋ ዛፍ አበባው ያማረ ቢሆንም ሥሩ ወደ ላይ እየወጣ የእግረኛ መንገድ ይሰነጥቃል፤ ቅርንጫፉም በነፋስ የሚሰበር ነው። ለሰፊ ሣር ሜዳ እንጂ ለአጥር ጥግ አይሆንም። ይህን ሳያገናዝቡ ከግንብ ሥር የተከሉ ሰዎች ግንቡን ወይም ዛፉን መምረጥ ግድ ሆኖባቸዋል።

እስከዚህ ያለው ታሪክ የጥላ ታሪክ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ግን በምሥራቅ ወለጋ በአንድ የማንጎ እርሻ ላይ ቀድሞ በሀገሪቱ ያልታወቀ ተባይ ተገኘ፤ ነጭ የማንጎ ቅርፊት ተባይ ይባላል። ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ጭማቂውን ይመጣል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ፍሬውም ቀይ ነጠብጣብ ያወጣና ገበያ ያጣል። በችግኝና በነፋስ እየተጓዘ ወደ ምዕራብ ዘለቀ፤ አሶሳንም አልማረም። የሚያሳዝነው የአሶሳን ማንጎ የጌጥ ዛፍ ያደረገው ቁመቱና የቅጠሉ መደራረብ አሁን ለበሽታው መጠለያ መሆኑ ነው። አጭርና የተገረዘ ዛፍ ይታጠባል፣ ይረጫል፣ የታመመው ቅርንጫፉ ይቆረጣል። የባለግቢው ታላቅ ዛፍ ግን ለመርጫ መሣሪያ አይደረስበትም፤ ከላዩ የሚወርደው ተባይም ሥሩ ያለውን ችግኝ ይበክላል። አንድ ከተማ ጥላዋን በሙሉ ለአንድ ዓይነት ዛፍ በአደራ ስትሰጥ የሚደርስባት ይህ ነው።

በመሆኑም ጥያቄው ለባለሙያው ቀርቧል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ መንገድ እየሰፋ የመንገድ ዳር ዛፍ በአዲስ መልክ እየተመረጠ ነው። አሮጌውን ማንጎ ዝም ብሎ መቁረጥ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ትክክለኛው ግን አይደለም። አናቱን ዝቅ አድርጎ መግረዝና ውስጡን ለነፋስና ለፀሐይ መክፈት ዛፉን ያድሰዋል፤ ጥላው ለሁለት ለሦስት ዓመት ቢሳሳም ይመለሳል። ከጎኑ ሊቆም የሚገባው ሌላ ዛፍ ደግሞ ከሩቅ መምጣት የለበትም።

በዚያው በቆላው ደን ውስጥ ዶቅማ አለ። ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ አያራግፍም፤ ጥላው ድፍን ነው፤ ሐምራዊ ፍሬውን ልጆችና ወፎች ይሻሙታል። ለማንጎ እጅግ የቀረበ የሀገር ምትክ እርሱ ነው። ለመንገድ ዳር ደግሞ ዛና አለ። ዛና ከጃካራንዳ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተወላጅ ነው። በበጋው መካከል ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፉን በሮዝ አበባ ይሸፍናል፤ እሳትን ለምዶ ያደገ ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ቁመቱ መጠነኛ በመሆኑም ከመብራት ሽቦ ሥር ይስማማል። ሰው ቅርፊቱን ለመድኃኒት ሲልጠው ይታያል፤ ለጌጥ ሲተክለው ግን እምብዛም አይታይም። ጃካራንዳን ውቅያኖስ አሻግሮ ያመጣ ትውልድ የአክስቱን ልጅ በጓሮው ሳያየው ማለፉ ያስገርማል። እርግጥ ነው፣ ዛና በሚያዝያ ጥላ አይሰጥም። ስለዚህ ለግቢ ሳይሆን ለጎዳና፣ ለማረፊያ ሳይሆን ለዓይን ይመረጣል። ነጭ አበባው የሚያምረው ዋንዛ፣ ቀይ አበባውን ራቁቱን የሚያብበው ቆርችም በዚሁ ረድፍ ይቆጠራሉ።

የተከላው ሥርዓት ለሁሉም ተመሳሳይ ነው። ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ያንኑ ያህል ስፋት ኖሮት በሚያዝያና በግንቦት ይቆፈራል፤ የላዩ አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። ችግኙ ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ፣ ይተከላል። ከጥቅምት በኋላ የሚመጡትን ሁለት በጋዎች ውሃ ሳይለየው ያለፈ ችግኝ ብዙውን ጊዜ ከምስጥ ይተርፋል፤ በዙሪያው ያለውን ሣር አስቀድሞ ማጽዳት ደግሞ ከእሳት ያድነዋል። ለዶቅማ በሥር 8 ሜትር ያህል ርቀት ሊተውለት ይገባል፤ ለዛና 5 ሜትር ይበቃዋል።

እንቅፋቱ ያለው በችግኝ ጣቢያው ነው። ጣቢያው የሚያፈላው ዘሩ በቀላሉ የሚገኘውን ነው፤ የጃካራንዳና የግራቪሊያ ዘር ታዝዞ ይመጣል፤ የዛናን ዘር ግን ጫካ ገብቶ የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል። የዶቅማም ዘር እንደ ማንጎ ሁሉ መክረም አያውቅም፤ ፍሬው እንደ ወደቀ ታጥቦ በዚያው ሳምንት መዘራት አለበት። ዛና ቀጭንና የተጠማዘዘ ረጅም ፍሬ አለው፤ ዘሮቹ በሁለት ወገን ክንፍ ስላላቸው ፍሬው ከተከፈተ ነፋስ ይወስዳቸዋል። ለቃሚው ጫካ መድረስ ያለበት ፍሬው ቡናማ ሆኖ ገና ሳይሰነጠቅ፣ የዓመቱም የሣር እሳት ሳይነሣ ነው።