የ1949ኙ ዕጩ እንደራሴ

ዛሬ በቡሹሎ ለሲዳማ ክልል ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር ሰው በፓርቲ ስም ወይም በግል ቀርቦ ድምፅ ይጠይቃል። ክልሉ ሕዝቡ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰጠው ድምፅ የቆመ ነው። ሕዝብ ፊት በዕጩነት መቅረብ ግን በአገራችን የተጀመረው የሐዋሳ ከተማ ገና ሳትቆረቆር፣ ይርጋ ዓለም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ በነበረችበት ዘመን ነው።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት የሞላው ተወላጅ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ በ1949 ዓ.ም.ም ምርጫው ተደረገ። 200,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡት በዚህ ምርጫ ነው።

የፖለቲካ ማኅበር አልነበረምና ዕጩው የሚታወቀው በስሙና በዘመዶቹ ነው። ለመመረጥ ደግሞ 25 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም፤ በወረዳው ውስጥ ንብረት ያለው መሆን ይገባ ነበር። እንግዲህ በሲዳሞ የባለርስት መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ባለርስቱን መምረጥ ይችላል፤ እርሱ ራሱ ግን ለመመረጥ ንብረቱ አያደርሰውም። ይህ ባለማሰብ የገባ አይመስለኝም፤ የመሬት ሕግ የሚቀርበው በዚያው ምክር ቤት ነበርና።

የጭሰኛውንና የባለርስቱን ግንኙነት የሚወስነው ረቂቅ ኋላ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ፤ ምክር ቤቱም በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘጋ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ድምፅ የሰጠበት እንደራሴ አልነበረም።