ለሶር ዳር ማሳ የሚሆን ውሻ

ቁጭ በሉ እስቲ፤ ይሄን ወግ ቆሞ የሰማ ሰው ግማሹን ጥሎ ነው የሚሄደው። ከመቱ ወደ በቾ ሲኬድ፣ ሶር ጫካውን ሰንጥቆ ወደ ፏፏቴው በሚወርድበት ዳር፣ አንድ ባላገር አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤ የሰው ወግ ማድመቂያ መሆን አይወድም። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከቡናው ዝቅ ብሎ በቆሎ ይዘራል፤ መከራውም ያለው እዚያ ነው።

የዚያ አገር በቆሎ ባለቤቱ ብቻውን በልቶት አያውቅም። ቀን ቀን ጦጣና ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማ ይካፈሉታል። ጉሬዛስ ጨዋ ነው፤ ከዛፉ ጫፍ ቅጠሉን እየበላ ይመለከታል። ጦጣ ግን እሸቱን ይልጥና አንዴ ነክሶ ይወረውረዋል፣ ሌላ ይቀነጥሳል። ሰው የሚናደደው በመብላቱ አይደለም፣ በማባከኑ ነው። ስለዚህ ማማ ይሠራል፣ ወንጭፍ ይይዛል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል። ሌሊቱን ደግሞ በዚያ በማያባራ የኢሉባቦር ዝናብ ውስጥ ማን ይቀመጣል? ውሻ ነዋ! የሰውየውን አሮጌ ውሻ ግን ነብር ወሰደበት።

«ቡችላ አምጣ» አለችው ሚስቱ። በገበያ ቀን መቱ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ፈረንጅ አገር ልውሰዳችሁ። እዚያ ውሻ የፈለገ ሰው መጠለያ ይሄዳል። ባለቤት ያጡት ውሾች ተከትበው፣ ጠባያቸው ተጽፎ ይጠብቁታል። እሱም ይጠየቃል፦ ግቢ አለህ ወይ? ሕፃን ልጅ አለህ ወይ? ቀን ቤት ውስጥ ማን ይውላል? መልሱ ካላማራቸው ባዶ እጁን ይመለሳል። በእኛ በኩል መጠለያው የሥጋ ቤት ደጃፍ ነው፣ የመነኻሪያ ጥግ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ተዛውሮ የለቀቀው ግቢ ነው። ጠያቂም የለ፤ ራስህን ካልጠየቅህ በቀር።

ሰውየውም ራሱን አልጠየቀም። መጀመሪያ የሄደው የጀርመን ሼፐርድ ክልስ አለ ወደተባለበት ግቢ ነው። ውሻው በሰንሰለት ታስሮ፣ በኋላ እግሩ ቆሞ፣ አረፋ እየደፈቀ ይጮኻል። «ይሄ ዝንጀሮውን ከነቤተሰቡ ይበላልኛል!» ብሎ ልቡ ተሰረቀ። ባለቤቱም ለመስጠት ሲቸኩል፣ ሰውየው ነገሩ ሸተተውና ምን እንደሚበላ ጠየቀ። የተነገረው ቀለብ ከእሱ ቤት ልጆች ይበልጣል። አንድ ቀን እንኳ ከሰንሰለት ተፈትቶ የማያውቅ ውሻ ደግሞ ጦጣውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም። ዝነኛ መሆንና ለቦታው መስማማት ለየቅል ናቸው። በጃንሆይ እቅፍ የታየውን ሉሉን የማያውቅ ሰው የለም፤ ለቤተ መንግሥት ምንጣፍ ልክ የሆነ፣ ቺዋዋ የሚባል ትንሽዬ ውሻ ነበር። በቾ አንድ ሌሊት ቢያድር ግን የጅብ እራት ነበር።

ከዚያ ወደ ሥጋ ቤቱ ወረደ። ከጓሮው እናቲቱ ከነቡችሎቿ ተኝታለች። ሰውየው አንዱን ቡችላ በማጅራቱ ብድግ አደረገው፤ ድምፅ አላሰማም። «ጀግና ነው!» አለ ቢላዋ የሚስለው ልጅ። ይቺ ፈተና ከአያቶቻችን ጀምሮ አለች፤ እኔ ግን አላምናትም። ዝም ያለው ደፍሮ ይሁን ደንግጦ ወይም ታሞ በምን ይታወቃል? ደግነቱ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሥጋ ሊገዛ መጥቶ ያይ ነበር።

«ጋሼ፣ ቡችላውን ትተው እናቱን ይዩ» አለ። እናቲቱ ሰው በቀረበ ቁጥር ጥርሷን ታሳያለች። «ቡችላ ጠባዩን በከፊል ይወርሳል፣ በከፊል ይማራል። እነዚህ ደግሞ ዓይናቸውን የገለጡት ገና አሁን ነው። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ፤ ነክሶ መልቀቅን የሚማሩት ከእሷና ከወንድሞቻቸው ጋር ሲታገሉ ነው።» ቀጠለና መሬት ላይ የወደቀ የበግ ሳንባ በእግሩ ገልበጥ አደረገ። ውሃ የቋጠረች፣ ነጣ ያለች ከረጢት ታየች። «ይሄን ጥሬውን የበላ ውሻ ሆዱ ውስጥ ትል ያፈራል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ በልጅዎ እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ከዓመታት በኋላም የሰው ጉበት ላይ እንደዚሁ ይቋጥራል። ከሥጋ ቤት ውሻ የወሰደ ሰው መጀመሪያ ፕራዚኳንቴል ያስውጠው።»

ከሁሉም የባሰችው ግን የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት፦ «በቆሎዎ መቼ ነው እሸት የሚሆነው?»

«ከሁለት ወር በኋላ።»

«ቡችላ ለዘበኝነት ዓመት ይፈልጋል።»

ሐኪሙ ሰውየውን ወደ መነኻሪያው ይዞት ሄደ። ጥጉ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ከጀበናዋ አጠገብ፣ ጆሮዋ ያልተቆረጠ፣ ዳማ ሴት ውሻ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ትተኛለች። ጌታዋ ተዛውሮ ሲሄድ የጣላት ናት። ሐኪሙ ሰውየውን ፊቱን ዞር አድርጎ እንዲቀመጥ፣ እንዳይጠራት፣ ዓይኗንም ትክ ብሎ እንዳያያት ነገረው። ትንሽ ቆይታ ጫማውን አሸተተች። ሐኪሙ ለአንድ ሊስትሮ ምልክት ሰጠና ልጁ ባዶ ጀሪካን ድንጋይ ላይ ጣለ። ውሻዋ ደንግጣ ሸሸች፣ ቆመች፣ ዞራ አየች፣ ቀስ ብላ ተመልሳ ጀሪካኑን አሸተተችው።

«ያገኙት ይመስለኛል» አለ ሐኪሙ። «መደንገጧ ነውር አይደለም፤ መመለሷን ነው ያየሁት።»

«ሴት ናት እኮ! የውሻ ሠርግ ደጄ ላይ ሊደገስ?»

ክርክሩ ረዘመ፤ እኔ ላሳጥረው። ሰውየው በሠርጉ ነገር ትክክል ነበር፤ ማምከኛ ቀዶ ጥገና በየወረዳው አይገኝም። እሸቱ ግን አይጠብቅም። ተስማሙ። ሐኪሙ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወጋትና ካርድ ጻፈላት። ማስጠንቀቂያም ጨመረበት፦ ክትባቱ በዕለቱ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከነከሰች ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሮጥ፣ ውሻዋንም ሳይገድሉ 10 ቀን አስሮ ማየት። ምልክቱ አንዴ ከወጣ መድኃኒት የለውም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ክትባቱን የፈለሰፈው ሉዊ ፓስተር በሞተበት ዕለት፣ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ነው የሚከበረው። ለእኛ የመስቀል ማግስት ነው፤ አጥንትና አንጀት በየደጁ የሚወድቅበት፣ የማንም ያልሆነ ውሻ ሁሉ ሰፈር የሚገባበት ቀን። ለክትባት ዘመቻ ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም።

ቤት ስትደርስ አልበላችም። በማግሥቱ ሰው ሲተኛ በላች። ከዚያ ገመዱን በጠሰችና ጠፋች። ሚስትየዋ «አላልኩህም!» አለች፤ ያላለችውን። ሰውየው መቱ ድረስ ሄዶ ቢያይ ሻይ ሻጯ እግር ሥር ተኝታለች። ሴትየዋ ሳቀችና «ጋሼ፣ ጆንያዋን ሳይወስዱላት?» ብላ ያንን የቆሸሸ የማዳበሪያ ጆንያ አስያዘችው። ማማው ሥር አነጠፈላት። ከዚያ ወዲያ አልሄደችም።

ጦጣውን አላሳደደችም፤ ይሄን መናገር አለብኝ። ጦጣ የሚጮኽን ውሻ ከሚከተል ውሻ ይለያል። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ከአጠገቧ ሲኖር ግን ይሸሻል፤ ውሻ ብቻውን ማሳ ጠብቆ አያውቅም። የሌሊቱን አሳማ ግን ሰው ሳይሰማ ትሰማለች። የጩኸቷ ለውጥ ሲታወቅ ባለቤቱ ችቦ ይዞ ይነሳል፣ መልሶም ይተኛል።

ሠርጉም አልቀረም። ቡችሎቹ ሲመጡ ጎረቤት ተሰለፈ። ሰውየው አሁን ጠያቂ ሆኗል፦ ስንት ልጅ አለህ? የምታበላው ምንድን ነው? ማን ያስከትበዋል? ስምንት ሳምንት ሳይሞላ አንድም አልሰጥም ብሎ ድርቅ አለ። አንዱ ጎረቤት ሁሉንም በደንብ መልሶ ወንዱን ይዞ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ግን በዘንቢል አድርጎ መልሶ አመጣው። ለካ ሚስቱን አልጠየቃትም ነበር።