የአቢንግደን ፋብሪካና የኤም ጂ ስም፤ ያልተፈጸመ የአንድ ሽያጭ ታሪክ (1979—1980)

፩፤ መግቢያ

አንድ የተቸገረ ኩባንያ ከንብረቱ አንዱን ክፍል ሽጦ የቀረውን ለማዳን ሲያስብ፣ የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው? ሕንፃው ነውን? ዕቃው ነውን? ወይስ ስሙ? ይህ ጥያቄ ለሕግና ለሒሳብ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ እንጀራ በመልሱ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ ስላለ፣ ታሪክ የምንማር ሰዎችም ልንመረምረው ይገባናል እንላለን።

ለዚህ ምርመራ የመረጥነው ምሳሌ የእንግሊዙ ብሪቲሽ ሌይላንድ ኩባንያ ኤም ጂ የተባለውን የስፖርት ኦቶሞቢል ሥራ በ1979 ለመዝጋት መወሰኑና፣ ከዚያም እስከ 1980 ድረስ ለመሸጥ መደራደሩ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የኩባንያውን መሪዎች ርኅራኄ የሌላቸው ሒሳብ አፍቃሪዎች አድርጎ ይወቅሳል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ኪሳራ የሚያመጣ ሥራ ከመዘጋት በቀር ሌላ ዕድል አልነበረውም ይላል። እኛ ግን ከሁለቱም ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ምክንያታችንን ከዚህ በታች በየተራው እንገልጻለን።

፪፤ የኤም ጂ አጀማመር

ኤም ጂ ማለት «ሞሪስ ጋራዥስ» ከሚለው ስም የተወሰዱ ሁለት ፊደላት ናቸው። ሞሪስ ጋራዥስ በኦክስፎርድ ከተማ የነበረ፣ የታወቀው የኦቶሞቢል ባለፋብሪካ የዊልያም ሞሪስ (በኋላ ሎርድ ናፊልድ) የግል ንብረት ሲሆን፣ ሥራው መኪና መሸጥና መጠገን ነበር። በ1922 ሴሲል ኪምበር የተባሉ ሰው የዚህ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ኪምበርም ተራውን የሞሪስ መኪና እየወሰዱ ቀለል ያለና ያማረ አካል በማልበስ፣ ፈጠን ብሎ እንዲሄድም በማድረግ ይሸጡ ጀመር። የኤም ጂ ሥራ የተወለደው እንዲህ ነው።

ሥራው እየሰፋ ስለ ሄደ በ1929 ከኦክስፎርድ በስተ ደቡብ ወደምትገኘው ወደ ትንሿ የአቢንግደን ከተማ ተዛወረ። በዚያም ቀድሞ የቆዳ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ተሰጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኤም ጂ መኪናዎች በእሽቅድምድም ስም አወጡ፤ በ1933 ታላቁ ጣልያናዊ ነጂ ታዚዮ ኑቮላሪ በኤም ጂ መኪና የቱሪስት ትሮፊን ውድድር አሸነፈ። በ1935 ግን ሞሪስ ድርጅቱን ከግል ንብረታቸው አውጥተው ለትልቁ ለሞሪስ ሞተርስ ኩባንያ ሸጡት፤ የእሽቅድምድሙም ሥራ ወዲያው ቆመ። ስለዚህ ኤም ጂ ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ የታላላቆች ኩባንያዎች ታናሽ ወንድም ሆኖ ኖረ ማለት ይቻላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እንግሊዝ በዕዳ ተይዛ ዶላር በብርቱ ትፈልግ ነበር። በእንግሊዝ አገር የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮችም እነዚህን ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ጣራቸው የሚገለጥ ትንንሽ መኪናዎች ወደዷቸው። ከ1945 እስከ 1949 የተሠራው ቲሲ የተባለው ዓይነት ወደ 10,000 ደረሰ። ከ1955 እስከ 1962 የተሠራው ኤምጂኤ ከ100,000 በላይ ሆነ፤ አብዛኛውም ወደ ውጭ አገር የተላከ ነው። ከ1962 ጀምሮ የተሠራው ኤምጂቢ ደግሞ እስኪያበቃ ድረስ ከ500,000 አለፈ። እንግዲህ የአቢንግደን ሠራተኛ በዋናነት ይሠራ የነበረው ለአሜሪካ ገበያ ነበር። ይህን ነገር አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ የኋለኛው ችግር ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነውና።

፫፤ የእናት ኩባንያው መታመም

በ1952 የሞሪስና የኦስቲን ኩባንያዎች ተዋሕደው ቢኤምሲ የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። በ1968 ደግሞ ይህ ወገን ከሌይላንድ ጋር ተቀላቅሎ ብሪቲሽ ሌይላንድ ተወለደ። ኦስቲን፣ ሞሪስ፣ ጃጓር፣ ሮቨር፣ ትራያምፍና ኤም ጂ በአንድ ጣራ ሥር ገቡ። መዋሐዱ ኀይል ይሰጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። የሆነው ግን ትናንት ተፎካካሪ የነበሩ ሰዎች በአንድ ገበታ ተቀምጠው ለአንድ እንጀራ መሻማት ነው።

ለስፖርት መኪና የሚወጣ ገንዘብ ለትራያምፍ ይሰጥ ወይስ ለኤም ጂ? ሌይላንድ ትራያምፍን አስቀድሞ የያዘ ስለ ነበር ሚዛኑ ወደ ትራያምፍ አዘነበለ። በ1975 የወጣው አዲሱ ቲአር7 የትራያምፍን ስም ተሸክሞ ወጣ፤ የአቢንግደን መሐንዲሶች ያሰቡት አዲስ መኪና ግን ከወረቀት አላለፈም። ኤምጂቢ በ1962 መልኩ መኖር ግድ ሆነበት። የአሜሪካ መንግሥት ስለ አደጋ መከላከያና ስለ ጭስ ሕግ ባወጣ ጊዜም አዲስ መኪና በመሥራት ፈንታ አሮጌውን መጠጋገን ተመረጠ። ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ ከፊትና ከኋላ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ተደረገለት፤ ከመሬት ከፍ እንዲል ተደረገ፤ የሞተሩም ኀይል ቀነሰ። መኪናው እየከበደና እየደከመ ሄደ፤ ሆኖም የሚገዛው አላጣም።

በ1974 መጨረሻ ብሪቲሽ ሌይላንድ ገንዘብ አለቀበት። በ1975 መንግሥት አብዛኛውን አክሲዮን ወስዶ በሕዝብ ገንዘብ ይደግፈው ጀመር። በኖቬምበር 1977 በደቡብ አፍሪካ የተወለዱት ማይክል ኤድዋርድስ ሊቀ መንበር ሆነው ተሾሙ። ቲአር7 ይሠራበት የነበረው በሊቨርፑል አጠገብ ያለው የስፒክ ፋብሪካ በ1978 ተዘጋ፤ ሥራውም ወደ ኮቨንትሪ ተዛወረ።

፬፤ የመዝጊያው ዐዋጅ

በ1979 የአቢንግደን ከተማ ኤም ጂ ወደ እርስዋ የመጣበትን ኀምሳኛ ዓመት አከበረች። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሰልፍና ደስታ ሆነ። በዓሉ ባለፈ በማግሥቱ፣ ሰኞ ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ ኩባንያው በአቢንግደን የሚደረገው የመኪና ሥራ እንደሚቆም አስታወቀ። ፋብሪካው ከአንድ ሺሕ በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ከእነርሱም ውስጥ አባቱ በዚያው የሠራ፣ ልጁንም በዚያው ያስገባ ብዙ ነበር። ትናንት የተሰቀለው ባንዲራ ሳይወርድ የስንብት ወሬ መስማት ምን ያህል እንደሚመር ለማንም የሚሰወር አይደለም።

ኩባንያው የሰጠው ምክንያት በአሜሪካ በሚሸጠው በእያንዳንዱ ኤምጂቢ 900 ፓውንድ ያህል እንከስራለን የሚል ነበር። ይህ ቍጥር እንዴት እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል።

በ1977 አንድ ፓውንድ ወደ 1.75 ዶላር ነበር። የሰሜን ባሕር ነዳጅ ዘይት በመገኘቱና በእንግሊዝ የወለድ ልክ ከፍ በማለቱ፣ ፓውንዱ በ1979 መኸር ወደ 2.20፣ በ1980ም ወደ 2.40 ዶላር ደረሰ። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እናስላው። አንድን መኪና ለመሥራት 3,000 ፓውንድ ይፈጃል እንበል። በፊተኛው ምንዛሪ ይህን ወጪ ለመመለስ መኪናውን በ5,250 ዶላር መሸጥ ይበቃል። በኋለኛው ምንዛሪ ግን 7,200 ዶላር ያስፈልጋል። መኪናው ያው ነው፤ ሠራተኛው ያው ነው፤ ድካሙም ያው ነው። አሜሪካዊው ገዢ ግን ለአሮጌ መኪና 1,950 ዶላር እንዲጨምር ይጠየቃል። ካልጨመረ፣ ጕድለቱን የሚሸከመው ኩባንያው ነው።

የኤም ጂ ወዳጆች በዚህ ቍጥር ላይ ሌላም ክርክር አንሥተዋል። የትልቁ ኩባንያ ጠቅላላ ወጪ ለየፋብሪካው ሲከፋፈል፣ ሌሎች ያመጡት ኪሳራ በአቢንግደን ትከሻ ላይ ተጭኗል ይላሉ። በክርክሩ ውስጥ እውነት እንዳለ አንክድም። ነገር ግን የምንዛሪው ነገር ብቻውን እንኳ ኤድዋርድስን ለማስደንገጥ የሚበቃ ነበር። ከዚህም በላይ የእርሳቸው ዕቅድ አቢንግደንን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ 25,000 ያህል ሰዎችን ከሥራ የሚያስወጣ ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸው በኖቬምበር 1979 ድምፅ ሲሰጡ ከመቶ 87 የሚሆኑት ዕቅዱን ተቀበሉ። ሌላው ሁሉ ከሚጠፋ ጥቂቱ ይጥፋ ማለታቸው ነው። የአቢንግደን ሰው ከጥቂቱ ወገን ሆነ።

፭፤ የሽያጩ ሙከራ

ዐዋጁ እንደ ተሰማ በእንግሊዝና በአሜሪካ ጩኸት ተነሣ። የመኪናዎቹ ባለቤቶች ተሰልፈው ተቃውሞ አሰሙ፤ በአሜሪካም ኤም ጂን የሚሸጡ ነጋዴዎች የሚሸጡትን ሊያጡ ነውና አጥብቀው ተከራከሩ። በኦክቶበር ወር የአስቶን ማርቲን ኩባንያ መሪ አለን ከርቲስ ከሸሪኮቻቸው ጋር ሆነው ፋብሪካውን፣ መኪናውንና ስሙን ለመግዛት እንደሚፈልጉ ገለጡ። የተነገረውም ገንዘብ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር።

እዚህ ላይ የጽሑፋችን ዋና ጥያቄ ይመጣል። ብሪቲሽ ሌይላንድ በመጀመሪያ ስሙን አልሸጥም አለ። ፋብሪካውን ውሰዱ፣ የኤምጂቢን ሥራ ውሰዱ፣ ኤም ጂ የሚለው ስም ግን የእኛ ነው እንደ ማለት ነው። ብዙ ወራት ከተደራደሩ በኋላ በማርች 1980 መጨረሻ መካከለኛ መንገድ ተገኘ፤ ገዢዎቹ በስሙ የመጠቀም ፈቃድ ያገኛሉ፤ ባለቤትነቱ ግን ከሻጩ ጋር ይቀራል። የአቢንግደን ሠራተኞች ዳንን ብለው ተስፋ አደረጉ። ዊልያም ታውንስ የተባሉት የአስቶን ማርቲን የመኪና ቅርጽ ነዳፊም አሮጌውን ኤምጂቢ በአዲስ መልክ አሰናድተው አሳዩ።

ተስፋው ግን ብዙ አልቆየም። ፓውንዱ መጨመሩን ቀጠለ፤ በአሜሪካ ያልተሸጡ መኪናዎች ተከማቹ፤ የዓለም ንግድም ቀዘቀዘ። አስቶን ማርቲን ራሱ በ1975 ከመክሰር ገና የወጣ ትንሽ ኩባንያ ስለ ነበር የራሱን መኪና መሸጥ አቃተው። ሸሪኮቹ አንድ በአንድ ራቁ። በጁላይ 1980 ውሉ ፈረሰ። የመጨረሻው ኤምጂቢ በኦክቶበር 1980 ከአቢንግደን ወጣ፤ ፋብሪካውም በዚያው ወር ተዘጋ።

፮፤ ሽያጩ ለምን ከሸፈ?

በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። የኤም ጂ ሀብት ሦስት ነገር ነበር፤ ቦታው፣ መኪናውና ስሙ። ቦታው አሮጌ ነበር፤ የመኪናው አካል ከሌላ ፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ አቢንግደን ብቻውን መኪና ሊያስገኝ አይችልም። መኪናውም 18 ዓመት የሞላው ነበር። ዋጋ የነበረው ስሙ ነው። ሻጩ ሁለቱን ደካሞች አቅርቦ ብርቱውን በእጁ ያዘ። እንዲህ ላለው ንብረት 30 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያበድር ባንክ ወይም የሚያወጣ ሸሪክ ቢጠፋ የሚያስደንቅ አይደለም።

ኩባንያው ስሙን የያዘው ለምን እንደ ሆነ በኋላ ታየ። በ1982 ኤም ጂ የሚለው ምልክት ሜትሮ በተባለችው ትንሽ የቤተ ሰብ መኪና ላይ ተለጠፈ። በእርሱ ፈንታ የተመረጠው ትራያምፍ ቲአር7ም በኦክቶበር 1981 ቆሞ ነበር። ስለዚህ ብሪቲሽ ሌይላንድ አንዱን ልጅ ለማሳደግ ሌላውን አስርቦ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ቀበረ።

የምንዛሪውም ነገር ተገለበጠ። በ1985 መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ወደ 1.05 ዶላር ወረደ። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ መሠረት ያው የ3,000 ፓውንድ መኪና በ3,150 ዶላር ወጪውን ይመልስ ነበር። አምስት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ምሕረት ነው። እርግጥ ነው፣ አምስት ዓመት እየከሰሩ መጠበቅ ለታመመ ኩባንያ የማይቻል ነው፤ ኤድዋርድስም ነቢይ አልነበሩም። ቢሆንም የአንድ ዓመት ምንዛሪ የኀምሳ ዓመት ሥራን ለመመዘን የሚበቃ ሚዛን አይደለም።

ገበያው እንዳልሞተ ያስመሰከሩት ጃፓኖች ናቸው። ማዝዳ በ1989 ኤምኤክስ5 የተባለች፣ ሁለት ሰው የምትይዝና ጣራዋ የሚገለጥ መኪና አወጣ። በ2016 የዚህች መኪና ቍጥር አንድ ሚሊዮን ሞላ። የአቢንግደን ሰዎች የሚያውቁት ገበያ ነበር፤ የበላው ግን ሌላ ሆነ።

፯፤ መደምደሚያ

ስሙስ? ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲንከራተት ኖረ። በ1988 ለብሪቲሽ ኤሮስፔስ፣ በ1994 ለጀርመኑ ቢኤምደብልዩ አለፈ። በ2000 ቢኤምደብልዩ ሮቨርንና ኤም ጂን በ10 ፓውንድ ብቻ ለሌሎች ለቀቀ። ያም ኩባንያ በኤፕሪል 2005 ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ናንጂንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ ገዛው፤ ይህም በ2007 ከሻንጋዩ ሳይክ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ኤም ጂ የሚለው ምልክት በቻይና በሚሠሩ መኪናዎች ላይ በዓለም ዙሪያ ይታያል፤ በ2023ም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ተገልጧል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለፋብሪካም ሳይሠራ አልቀረም።

ነገር ግን ስሙ ሲኖር ስሙን ያቆሙት ሰዎች የት ሄዱ? አቢንግደን ዛሬ መኪና አይሠራባትም። በምርመራችን የደረስንበት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የተቸገረ ኩባንያ ክፍሉን ለመሸጥ ማሰቡ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም በጊዜው ቢደረግ ለሁሉም መዳኛ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ሥራውን ለብዙ ዓመት ካስራቡ በኋላ ከስሙ ለይተው ማቅረብ ነው። የአቢንግደን ሠራተኛ በ1980 ከማርች እስከ ጁላይ ተስፋ ያደረገበት ሽያጭ ገና ከመነሻው ጕልበቱ የተወሰደበት ነበር። ለታሪክ ተማሪም የሒሳብ መዝገብ ትልቅ ምስክር ነው፤ ግን ከመፍረዳችን በፊት መዝገቡን ማን እንደ ጻፈው፣ በየትኛውም ዓመት እንደ ተዘጋ መጠየቅ አለብን።